የአውቶቡሱ ድምፅ

በቱሪዝም ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ባለው ክፍል የምትሠራውን ሴት ሰው ሁሉ «አትላስ» እያለ ነው የሚጠራት። ስሙን ያወጣላት የቢሮው ሾፌር ነው። አንድ ቀን እሱና ዘበኛው ስለ አንድ ድልድይ ሲከራከሩ፣ እሷ ከወረቀቷ ቀና እንኳ ሳትል ድልድዩ በየትኛው ወንዝ ላይ እንዳለ፣ ወንዙ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ፣ በክረምት እስከ የት እንደሚሞላ ነገረቻቸው። ሾፌሩ «ኧረ ይቺስ አትላስ ናት!» አለ። ስሙ በዚያው ተለጠፈባት።

ሥራዋ ለመንገደኞች የሚታደለውን የአገሪቱን መመሪያ መጽሐፍ መጻፍ ነው። አገሪቱ ከማን ጋር እንደምትዋሰን፣ ሰሜኑ ለምን ብርድ ደቡቡ ለምን ንዳድ እንደሆነ፣ ዝናቡ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ፣ የባሕር ዳር ሰዎች ከተራራዎቹ ሰዎች በአነጋገር በምን እንደሚለዩ፣ እንግዳ ሰው በየት በኩል ቢሄድ መኪና እንደሚያገኝ፣ ይህን ሁሉ የጻፈችው እሷ ናት። በዓይኗ ያየችው ግን ጥቂቱን ነው። እናቷን ጉልበት ስለሚያማቸው ከቤት ርቃ ማደር አይሆንላትም። አገሩን የምታውቀው ከካርታ፣ ከጥናትና ከሌሎች ሰዎች አፍ ነው።

ታናሽ እህቷ ደግሞ አስጎብኚ ናት። በልጅነቷ «ሚጣ» ተባለች፤ አድጋ፣ ቁመቷ ከእህቷ በልጦም ዛሬም ሚጣ ናት። መንገደኞች አስከትላ ተራራ ትወጣለች፣ ሐይቅ ትሻገራለች፤ ፊቷን ፀሐይ መትቶት፣ ጫማዋ ጭቃ ጠግቦ፣ ድምፅዋ ሰልሎ ትመለሳለች። በሩን ከፍታ ስትገባ እናቷ ከወንበራቸው ቀና ለማለት እየታገሉ «መጣችልኝ የኔ ብርሃን!» ይላሉ።

አትላስ ይህን በሰማች ቁጥር እጇ ላይ ያለውን ነገር ጠበቅ አድርጋ ትይዛለች። ጠዋት መድኃኒት የምትሰጣቸው እሷ፣ ጉልበታቸውን የምታሸው እሷ፣ ማታ ካልሲያቸውን የምታወልቅላቸው እሷ፤ ብርሃን የምትባለው ግን ሻንጣዋን ኮሪደር ላይ ጥላ የምትገባዋ!

«እኔስ ምንድን ነኝ? አምፖል?» አለች አንድ ቀን እንደ ቀልድ አድርጋ።

እናቷ ሳቁ። ሚጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አትላስም ሳህኑን ለመመለስ ብላ ወደ ወጥ ቤት ገባችና ቧንቧውን ከፍታ ብዙ ቆየች።

ነገሩ የባሰው አለቃቸው አዲስ ሐሳብ ያመጡ ጊዜ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ በሚገቡት አውቶቡሶች ውስጥ፣ እንግዳው ገና ከወንበሩ ሳይነሣ አገሪቱን የሚያስተዋውቅ ድምፅ እንዲሰማ ፈለጉ። አትላስን አስጠርተው፦

«ጽሑፉን አንቺ ነሽ የምታዘጋጂው። መሬቱን፣ ሕዝቡን፣ የአየሩን ጠባይ፣ የት ይዋኛል፣ የት አይዋኝም፣ ሁሉንም። አጠር፣ ጣፈጥ ያለ ይሁን» አሏት።

«ማን ያነበዋል?» ብላ አልጠየቀችም። ሌላ ማን ሊያነበው? የጻፈው ያነበዋላ! ሳምንታት ደከመችበት። ቃሉን እየመዘነች ጻፈች፤ ሰርዛ ደግማ ጻፈች። ሲያልቅ ወጥ ቤት ቆማ እናቷን አድማጭ አድርጋ መለማመድ ጀመረች። ረጅም ዓረፍተ ነገር ላይ ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ ሳይቀር ታውቀው ነበር።

«እንዴት ነው እማዬ?»

«ጥሩ ነው ልጄ። ብቻ ትንሽ ፈጠን በይ፤ እንቅልፌ መጣ።»

በስብሰባው ቀን አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። አለቃው ጽሑፉን አመሰገኑ፣ አወደሱ፣ ከዚያ ፈገግ ብለው ወደ በሩ ተመለከቱ። ሚጣ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ከሾፌሩ ጋር ታንሾካሽካለች።

«ድምፁን ግን ሚጣ ትሥራልን። እንግዶቹ እንደሷ የሚወዱት ሰው የለም። የአትላስ እጅ፣ የሚጣ አፍ! ከአንድ ቤት ሳይወጣ ተፈጸመ!»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አትላስም አጨበጨበች። መዳፏ እስኪቀላ አጨበጨበች።

ማታ እራት ላይ ሚጣ ፊቷን አየት እያደረገች «እትዬ፣ ከፋሽ እንዴ?» አለቻት።

«ምን ይከፋኛል?»

«አንቺ ማንበብ ከፈለግሽ እኮ እነግራቸዋለሁ። እኔ የምናገረው ጠፍቶብኝ አይደለም።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ገደለቻት። ሚጣ ያለችው በቅንነት ነበር፤ አትላስ የሰማችው ግን «ለኔ ትርፍ ነው፣ ለአንቺ ልተውልሽ» እንዳለቻት ነው። «የምን ልመና ነው! አንብቢው ካሉሽ አንብቢው» አለችና እራቷን ሳትጨርስ ተነሣች።

ቀረጻው በሚካሄድበት ስቱዲዮ አትላስ ከመስታወቱ ወዲህ፣ ከድምፅ ባለሙያው አጠገብ ማዳመጫ አድርጋ ተቀመጠች። አለቃው «ስህተት የምትይዢው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ይሁን ያልሽው ይሁን ነው» ብለዋት ሄደዋል። ሚጣ ከመስታወቱ ወዲያ ወረቀቱን ይዛ ጀመረች። መጀመሪያ የተጻፈውን አነበበች። ትንሽ ቆይታ ወረቀቱን ተወችው።

«ተራሮቻችን በሰሜን ናቸው» አለች። «ሩቅ ሲያዩአቸው የተኙ ይመስላሉ፤ መውጣት ሲጀምሩ ግን የነቁት እነሱ፣ የሚተኙት እርስዎ ነዎት!»

የድምፅ ባለሙያው ሳቁን ለማፈን አፉን በክርኑ ያዘ። እሷ እዚያ ቦታ ላይ የጻፈችው የተራሮቹን ከፍታና የድንጋዩን ዓይነት ነበር። ሚጣ ግን ቀጠለች፤ ስለ ቆላው ሰዎች ለጋስነት፣ አንድ መንገደኛ ውሃ ጠይቆ ሙሉ ቀን እንግዳ ሆኖ ስለመዋሉ እንደ ጉድ አወራች። ሐይቁ ጋ ስትደርስ በቀልዷ ራሷም እየሳቀች ነበር፤ በሳቋ መሀል ዓይኗን ወደ ወረቀቱ ጣል አደረገችና እንዲህ አለች፦

«መዋኘት የሚወዱ ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ይሂዱ። በምዕራቡ በኩል ግን አደራ፣ ውሃው ከላይ የረጋ መስሎ ከሥር ይጎትታል።»

አትላስ ክው አለች። ተገላብጧል! የሚጎትተው የምሥራቁ ነው፤ የሚዋኘው በምዕራቡ ነው። እሷ ራሷ በትልልቅ ፊደል ጽፋዋለች። ሚጣም ጠፍቷት አልነበረም፤ እንግዶቿን ሁልጊዜ ወደ ምዕራቡ ዳርቻ ነው የምትወስዳቸው። ምላስ ነው የከዳት።

እጇን ልታነሣ አለች። የድምፅ ባለሙያው በዚያው ሰዓት ወደሷ ዞሮ፣ ዓይኑ በደስታ እየበራ «እህትሽ ተአምር ናት እኮ! እንዲህ ያለ ድምፅ በዚህ ክፍል አልፎ አያውቅም» አላት።

እጇ ጭኗ ላይ ቀረ።

ሲያልቅ ሚጣ በላብ ርሳ ወጣች። «እንዴት ነበር እትዬ? አበላሸሁት? መልሰሽ ስሚው እንዳትሉኝ ብቻ፤ የራሴን ድምፅ ስሰማ ያሳፍረኛል።»

«ደህና ነው» አለች አትላስ።

«ምንም የሚታረም የለም?» አለ ባለሙያው።

«ምንም የለም።»

ወደ ቢሮ ስትመለስ ሆዷ ውስጥ የሚሞቅ ነገር ነበር። ሰው ይጎዳል ብላ አላሰበችም፤ ወይም ለማሰብ አልፈለገችም። ያሰበችው እንዲህ ነበር፦ ሳምንት ሳይሞላው አንዱ ሐይቁን የሚያውቅ ሰው ስህተቱን ይሰማል፣ ለአለቃው ይደውላል፣ ሚጣ በሰው ፊት ታፍራለች፤ «ድሮስ አትላስ ብታነበው ኖሮ» ይባላል። ይህችን «ድሮስ» የምትለዋን ቃል በሐሳቧ እየደጋገመች እንደ ከረሜላ መጠጠቻት።

ማንም ግን አልደወለም። ድምፁ በአውቶቡሶቹ ገባ፤ ሰው ሁሉ ወደደው። ሚጣን ገበያ ውስጥ በድምፅዋ ብቻ ለይተው የሚያቅፏት ሰዎች መጡ። እናቷ ለጎረቤቱ ሁሉ «የኔ ልጅ እኮ ናት አውቶቡሱ ላይ» ይሉ ጀመር። አትላስ አንድ ቀን ከሥራ ቀርታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄደችና እንደ እንግዳ በአውቶቡሱ ተሳፈረች። ሰዎቹ ሲሰሙ ፊታቸውን ማየት ፈለገች። ቁስሏን መነካካት እንደማለት ነው።

አጠገቧ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰውዬ ከትንሽ ሴት ልጁ ጋር ተቀምጧል። የጎረቤት አገር ሰው ነው፤ ቋንቋውን ግን ይናገራል። ልጅቷ በተራሮቹ ቀልድ ስትንከተከት አባትየው እሷን እያየ ይስቃል። የሐይቁ ነገር ሲመጣ ልጅቷ የአባቷን እጅጌ ጎተተች።

«አባ፣ ምሥራቅ! ምሥራቅ ነው ያለችው! እንዋኛለን አይደል?»

«ካለችማ እንሄዳለን» አላትና ወደ አትላስ ዞረ። «ሐይቁን ያውቁታል? እውነት ለልጅ ይሆናል?»

አትላስ አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ «አይደለም፣ ምዕራቡ ነው» ማለት ብቻ ነው። ሰውዬው ግን መልሷን ሳይጠብቅ ራሱን እየነቀነቀ ቀጠለ፦

«ግን ምን ዓይነት ሰው ናት ይህች? ስትናገር ያገሬ ልጅ ነው የምትመስለኝ። እሷ ገደል ግቡ ብትለን እንገባለን!»

የአትላስ ከንፈር ተመልሶ ገጠመ። «ጥሩ ቦታ ነው ይላሉ» አለች፤ ፊቷንም ወደ መስኮቱ አዞረች።

ያን ምሽት ምግብ አልበላ አላት። በማግሥቱ እስከ አለቃው ቢሮ ደጃፍ ድረስ ሄደች፤ እንግዳ አላቸው ሲሏት እፎይ ብላ ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ እሄዳለሁ አለች። ከሰዓት በኋላ ነገ አለች። ሚጣ በዚያን ጊዜ እንግዶች ይዛ ሐይቁ ጋ ነበረች።

ስልኩ የጮኸው አትላስ ወረቀት ስታስተካክል ነው። የሚጣ ድምፅ ነው፤ ግን የአውቶቡሱ ድምፅ አልነበረም። ይንቀጠቀጣል።

«እትዬ፣ አንዲት ልጅ ልትሞትብን ነበር። በምሥራቅ በኩል ገብተው... ውሃው ወሰዳት። ጮኸው ሲጠሩ ከጀልበኛው ጋር ደርሰን እኔ ዘልዬ ገባሁ። አወጣናት። እየተነፈሰች ነው፣ ክሊኒክ ናት፤ ግን ውሃ ብዙ ጠጥታለች፣ እስካሁን ዓይኗን አልገለጠችም።»

አትላስ የያዘችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አባቷ የሚለውን ታውቂያለሽ? አውቶቡሱ ላይ ያለችው ሴት ናት ምሥራቅ ያለችን ይላል። እኔ ነኝ እኮ እሷ! እኔ እንደዚያ ብያለሁ? እትዬ፣ አንቺ እዚያ ነበርሽ፣ ሰምተሽዋል። እንደዚያ አላልኩም አይደል?»

ሚጣ መልስ ስትጠብቅ ከወዲያ የንፋስ ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ብለሻል» አለች አትላስ።

«ወይኔ! ወይኔ ጉዴ! ... ቆይ። አንቺ አልሰማሽውም?»

«ሰምቼዋለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ።

አትላስ ለእናቷ ጎረቤት አስቀምጣ በመጀመሪያው መኪና ተሳፈረች። ስንት ጊዜ የጻፈችለት ሐይቅ ከተራራው ዞር ሲሉ ድንገት ፊቷ ተዘረጋ፤ ንፋስ እየገረፈው የብረት መልክ ይዟል። ለማየት ግን ልብ አልነበራትም። ክሊኒኩ ዳር ላይ ያለ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ነው። ኮሪደሩ ውስጥ ሰውዬው እርጥብ ሱሪውን እንደለበሰ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሚጣ ከጎኑ በሰው ብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተጣብቆ።

ሰውዬው ቀና አለ። አየት አደረጋት፤ ደግሞ አተኩሮ አያት።

«እርስዎ አጠገቤ ነበሩ» አለ። «አውቶቡሱ ላይ። ጠየቅሁዎት እኮ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሚጣ አንዴ እሱን፣ አንዴ እህቷን አየች።

«ምን ጠየቋት?»

«ለልጅ ይሆናል ወይ ብዬ።»

«ምን አለችዎት?»

ሰውዬው መልስ ከመስጠቱ በፊት አትላስ ተናገረች። «ጥሩ ቦታ ነው አልኩት። ስህተት መሆኑን አውቅ ነበር። ከቀረጻው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር። እሷ ምላሷ ስቷት ነው፤ እኔ ግን አውቄ ነው ዝም ያልኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሰውዬው አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻላት ነበር። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት እያየ «ለምን?» አለ። ነርሷ መጥታ ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ አባቷን እንደጠራች ስትነግረው እየተደናቀፈ ሮጠ።

ሁለቱ እህትማማቾች ኮሪደሩ ላይ ቀሩ።

«ምን አድርጌሽ ነው?» አለች ሚጣ።

«ምንም አላደረግሽኝም።»

«ታዲያ?»

«ሰው ሁሉ ይወድሻል።»

«እሱ ነው ጥፋቴ?»

አትላስ ልትዋሽ ፈለገች፤ አቃታት። «አዎ» አለች። «እሱ ነው። እማዬ ብርሃን ስትልሽ፣ አለቃው ሲያሞግሱሽ፣ እኔ የደከምኩበትን አንቺ እየሳቅሽ ስትበታትኚውና ሰው ሲወድልሽ፣ ሆዴ ይነዳል። አንድ ጊዜ እንድታፍሪ ፈለግሁ። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«እኔን ለማሳፈር ልጅ ትሙት?»

«ሐሳቤን እዚያ አላደረስኩትም። ላደርሰው አልፈለግሁም።»

ሚጣ ብርድ ልብሱን ከትከሻዋ አወረደች፣ አጥፋ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው። «ሂጂልኝ» አለች። «ለእማዬ ምንም አትንገሪያት፤ አንቺን ብዬ ሳይሆን ልቧ ስለሚደክም ነው። ብቻ አሁን ከፊቴ ሂጂልኝ።»

አትላስ በማግሥቱ አለቃው ፊት ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ አልሸፋፈነችውም። አለቃው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ድምፁ ያኔውኑ ከአውቶቡሶቹ ወረደ፤ በኋላ ሌላ ሰው፣ የዜና አንባቢ ነው አሉ፣ አንብቦት ተመለሰ። እንግዶቹ ሲሰሙት ይተኛሉ ይባላል። አትላስ ከመመሪያው መጽሐፍ ተነሥታ ምድር ቤት ወዳለው የካርታ ማስቀመጫ ተዛወረች። እዚያ ጥቅል ካርታ እየፈታች አቧራውን ትጠርጋለች፣ መልሳ ትጠቀልላለች። «አትላስ» ብሎ የሚጠራት እየቀነሰ መጣ። ልጅቷ ድና ከአባቷ ጋር ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ሰውዬው ሚጣን እጇን ስሞ እንደተሰናበታት ሾፌሩ አወራ። አትላስ ይህንንም ስትሰማ ደስ አላት፤ እዚያው ላይ ደግሞ ቅር አላት። ራሷን ታዘበች። ከዚህ ሁሉ በኋላም? ከዚህ ሁሉ በኋላም።

ሚጣ ሥራዋን ለቃ በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባለ ትንሽ ከተማ ሌላ ድርጅት ተቀጠረች። ለእናቷ ትደውላለች። አትላስ ስልኩን ካነሣች «እማዬን አገናኚኝ» ብቻ ነው የምትለው። እናትየው አንድ ነገር እንዳለ ገብቷቸዋል፤ አይጠይቁም። አንዳንድ ማታ አትላስ ካልሲያቸውን ስታወልቅ እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ ያደርጋሉ። እሷም እጃቸው እስኪነሣ ድረስ ቀና አትልም።

ክረምቱ አልፎ፣ በጋው ገብቶ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። አትላስ አነሣችው። «እማዬ ተኝታለች» አለች ቶሎ ብላ።

«እማዬን አይደለም» አለች ሚጣ። ከኋላዋ የብዙ ሰው ጫጫታ አለ። «እንግዶች ይዤ ነው። እዚህ ጭጋጉ ሊገፈፍ አልቻለም። ጫፉ ላይ ለመውጣት ጠዋት ይሻላል ወይስ ከቀትር በኋላ? ሰዎቹ ይጨቀጭቁኛል።»

«በዚህ ወር ከሆነ ማለዳ ነው። ቀትር ላይ ጭጋጉ ከሸለቆው ይነሣና ይመለሳል። ከምዕራ...» ቆመች። እንደገና ጀመረች። «በምዕራቡ መንገድ ውጡ። እርግጠኛ ነኝ። ካልመሰለሽ እዚያ ያሉትን ሰዎችም ጠይቂ።»

«ጠይቄያለሁ። እነሱም እንደዚያው ነው ያሉኝ።»

ሚጣ ስልኩን ሳትዘጋ ወደ ሰዎቹ ዞራ አንድ ነገር ተናገረች። ምን እንዳለች አልተሰማም፤ ሰዎቹ ግን በአንድ ጊዜ በሳቅ ፈነዱ፤ ሞቅ ያለ፣ ከሆድ የወጣ ሳቅ። ያችው የምታውቃት ነገር አትላስን ከጎድኗ ሥር ቆነጠረቻት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጠበቅ አደረገች።

«አለሽ?» አለች ሚጣ።

«አለሁ» አለች አትላስ። «ብርድ ነው እዚያ ላይ፤ ወፍራም ልብስ ይያዙ በያቸው። አንቺም ልበሺ።»